ሁለት ጎን ያለው ታፔላ

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ሥራው ዕቃ ማድረስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው የሚውለው። ነዳጅ ሊቀዳ ወይ ቡና ሊገዛ በቆመበት ሁሉ ፎቶ ያነሳና በቴሌግራም ይልክልኛል። አንዴ በረዶ ነው፣ አንዴ አስፋልት የምታቋርጥ ሚዳቋ ናት፣ አንዴ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ የተለጠፈ የበርበሬ ዋጋ። ባለፈው ግን የታፔላ ፎቶ ላከ። ከሥሩ «እታለም፣ ይቺ ያንቺ ነገር ናት» ብሎ ጽፎበታል።

ያንቺ ነገር ያለው እንጀራዬን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለችኝ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሱቅ ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ፖስተር፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የመጣ ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ታፔላ ሳይ እንደ ሰው አላነብም። መጀመሪያ ብረቱን ነው የማየው፣ ከዚያ ፊደሉን፣ ከዚያ ማን እንዳሠራው፣ መጨረሻ ላይ ነው ምን እንደሚል የማነበው።

ይሄኛው ብርማ ቀለም ያለው ብረት ነው። ፊደሎቹ ጥቁር ናቸው፤ ስቲከር አይደሉም፣ ከብረቱ ጋር አብረው የወጡ ናቸው። አናቱ ላይ የግዛቲቱ ዓርማ አለ። በአንድ እግር መንገድ ዳር ቆሟል፤ ከኋላው ሣርና ዛፍ ብቻ ነው። ርዕሱ አስበሪ የሞተበት ቦታ ይላል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ፍራንሲስ አስበሪ የተባለ የሜቶዲስት ጳጳስ እዚህ አካባቢ በነበረ አርኖልድ በሚባል ሰው ቤት ማርች 31 ቀን 1816 እንደሞተ፣ አሜሪካ የመጣው በ1771 እንደሆነ፣ እስኪሞት ድረስ እዚያው እንደሠራ። በቃ። (የሰውዬውን ዘመን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳታርሙኝ።)

የቀብር ቦታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቤቱም የለም። ታፔላው የቆመው አንድ መንገደኛ ሰውዬ ታሞ የሰው ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ቤት ሳይወጣ ስለቀረ ነው። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማታ ሥራ ቤቱን ዘግቼ ስለዚህ ሰው ማንበብ ጀመርኩ፤ እናቴ ስልኬን አየት አደረገችና «ምነው፣ ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ። አልሆንኩም እማዬ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበሬም ባለበት ነው።

አስበሪ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም አጠገብ በ1745 ተወለደ። የድሃ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን በልጅነቱ ትቶ እጅ ሥራ ገባ። በዚያን ጊዜ ጆን ዌስሊ የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሕዝቡን ያነቃነቀበት ዘመን ነበር። ዌስሊና ጓደኞቹ ኦክስፎርድ ሳሉ ጾሙንም ጸሎቱንም ንባቡንም በሰዓትና በሥርዓት ስለሚያደርጉ ሌሎቹ ተማሪዎች «ሜቶዲስት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፣ ባለዘዴዎቹ እንደ ማለት ነው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። ዌስሊ ወደ አሜሪካ ማን ይሄዳል ብሎ ሲጠይቅ 26 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አስበሪ እኔ አለ። ሄደ፣ አልተመለሰም። የነጻነት ጦርነቱ ሲነሳ ዌስሊ የላካቸው ሌሎቹ ሰባኪዎች ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ እሱ ብቻ ቀረ። በ1784 የገና ሰሞን ባልቲሞር ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ መሪ አደረጉት።

እንግዲህ መሪ ሲባል መንበር ላይ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ይሄ ሰው ቤት አልነበረውም። ሚስት አላገባም። የዓመት ደመወዙ 64 ዶላር ነበር፣ በኋላ ትንሽ ጨመሩለት። በ45 ዓመት ውስጥ ወደ 270 ሺህ ማይል ተጉዟል ይባላል፣ አብዛኛውን በፈረስ። ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ከ430 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ደርሶ መልስ ከ1600 ጊዜ በላይ ማለት ነው። እኔ በሚኒባስ በወር አንዴ ቀለም ልገዛ ወርጄ ስመለስ ወገቤን ሁለት ቀን ያመኛል። እሱ የአፓላቺያን ተራራን ብቻ ከ60 ጊዜ በላይ ተሻግሯል፣ ያውም አስም ያለበትና እግሩ የሚያብጥ ሰው። ደብዳቤ ሊጽፍለት የፈለገ «ለጳጳስ አስበሪ፣ አሜሪካ» ብሎ ቢልክ ይደርሰዋል ይባል ነበር፤ የሆነ ጊዜ በየመንደሩ ማለፉ ስለማይቀር።

ሌሎቹም ሰባኪዎች እንደሱ ነበሩ። እያንዳንዱ አንድ ዙር ይሰጠዋል። ዙሩ አንድ መቶ ሁለት መቶ ማይል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በፈረሱ ኮርቻ ላይ መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር ጭኖ ከጎጆ ጎጆ፣ ከሠፈር ሠፈር ይዞራል፤ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰው ቤት ይበላል፣ ሰው ቤት ያድራል። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ወደ ሌላ ዙር ይቀየራል። አንድ ቦታ ተላምዶ ሥር እንዲሰድ አይፈለግም። ብዙዎቹ 30 ዓመት ሳይሞላቸው በብርድና በበሽታ አልቀዋል። የዚያን ጊዜ ሰው ዝናብና ነፋሱ ሲበረታ «ዛሬ ከቁራና ከሜቶዲስት ሰባኪ በቀር ውጭ የወጣ የለም» ይል ነበር አሉ። ይቺን ሳነብ ሳቅሁ። ኅዳር ላይ ከጫጫ ማዶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው ይገባዋል። አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ ቁራዋ ካቡ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣ፣ ሌላ ማንም የለም። አዎ፣ አንድ ሰው አለ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የራሴ የሆነው።

እናቴ የተወለደችበት ገጠር ከጫጫ ወጣ ብሎ ነው። ገብስና ባቄላ አገር ነው፣ ቤቱ ሁሉ የድንጋይ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ ትልቅ ጽድ አለ፣ ከጽዱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እናቴ ልጅ ሳለች በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አንድ የኔታ ይመጡ ነበር። ከየት እንደሚመጡ አይናገሩም። በእግራቸው ነው የሚመጡት። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመንደሩን ልጅ ሰብስበው ሀ ሁ ያስቆጥራሉ፤ ፊደል የለየውን ዳዊት ያስደግማሉ። ማታ ማታ ተራ በተራ ከቤት ቤት ይበላሉ። ገና ሲቃረብ ተነስተው ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ በልጅ እየተመሩ ይመጡ ነበር፤ ግን ልጁ አንዲት ቃል ከዘለለ ያለመጽሐፍ ያርማሉ። እናቴ አሁንም መዝሙረ ዳዊት ስታነብ ጣቷን ከፊደሉ ላይ አታነሳም። «የኔታ ጣታችሁን ካነሳችሁ ኩርኩም ነው ይሉን ነበር» ትላለች፤ ሰባ ዓመት ሊሆናት ነው፣ አሁንም ኩርኩሙን ትፈራለች።

ስለ አስበሪ ሳነብ ከሁሉ በላይ የያዘኝም እሱ ራሱ አይደለም፣ አብሮት የሚጓዘው ሰው ነው። ሃሪ ሆዚየር ይባላል። ጥቁር ነው፤ በባርነት ተወልዶ ነጻ እንደወጣ ይገመታል። መጀመሪያ የአስበሪን ሠረገላ የሚነዳ ነበር። ማንበብ አይችልም። አስበሪ ሲያነብ እየሰማ መጽሐፍ ቅዱሱን ምዕራፍ በምዕራፍ በቃሉ ያዘው፣ መዝሙሩንም እንዲሁ። በ1781 ፌርፋክስ ውስጥ ፍሬ ስላጣችው በለስ ሰበከ። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው እዚያው ፌርፋክስ ነው፤ ይሄን ስነግረው «ከቤቴ በታች ሊሆን ይችላል በይኛ» ብሎ ደነገጠ። በኋላ ሕዝቡ ከጳጳሱ ይልቅ ሃሪን ለመስማት ይጎርፍ ነበር። ማንበብ እናስተምርህ ሲሉት ሞክሮ፣ ፊደሉን ሳይ የመስበክ ጸጋዬ ይጠፋኛል ብሎ ተወው ይባላል። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1806 ሞተ።

ዓይናቸው የጠፋ የኔታ መጡብኝ። መጽሐፉ ሰውየው ውስጥ ነው ያለው። የኛ አገር ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቅኔውም ዜማውም ድጓውም ከሰው ወደ ሰው በቃል ነው የኖረው። ያ ፈረንጅ አገር ላይ እንደ ተአምር የተወራለት ነገር፣ እኛ ዘንድ አንድ የአብነት ተማሪ በየቀኑ የሚያደርገው ነው። (ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ። አስበሪ መጀመሪያ ላይ ባርነትን አጥብቆ ተቃውሞ ኋላ ላይ ለደቡቦቹ እየለዘበ መሄዱም የሃሪን ነገር ሳስብ ይከነክነኛል።)

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ከአራት ዓመት በፊት የእናቴ አገር ሰዎች ለየኔታ መታሰቢያ እናቁም አሉ። ሥራው ለኔ ደረሰ፣ በነጻ። ደስ ብሎኝ ሁለት መስመር ጽፌ ላክሁ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተወያየበት። መጀመሪያ «የኔታ ብቻ ማን ይባላል? ሙሉ ስም ይግባ» ተባለ። ሙሉ ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም የኔታ ነው ሲላቸው የኖረው። ቀጥሎ ያረፉበት ዓመት ይግባ ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሁለት ክረምት በፊት ነው አሉ፤ ሌላው አይ፣ ውርጩ ባቄላውን የፈጀው ዓመት ነው አሉ፤ ውርጩ መቼ ነበር ሲባል ደግሞ የኔታ የሞቱ ጊዜ ነዋ! ከዚያ የእድሩ ስም፣ የኮሚቴው አባላት ስም በየማዕረጉ፣ ገንዘብ የላኩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥር! ማን ነው ጽዱ ሥር ቆሞ የሚደውለው? እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ሁሉንም አስገባሁ። ሲያልቅ የኔታ አንድ መስመር ደረሳቸው፣ ከ«በአስተባባሪነት» በታች።

ላሜራ ላይ ስቲከር ለጥፌ ነው የሠራሁት። የኛ አገር ፀሐይ ብርዱን ተገን አድርጋ ነው የምታቃጥለው፤ ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ቀዩ ቀለም ተልጦ ሄደ። ጥቁሩ ቆየ። ጥቁሩ ስልክ ቁጥሩ ነበር። አሁን ጽዱ ሥር የቆመ አንድ ነጭ ላሜራ አለ፤ ላዩ ላይ የሚነበበው የአንድ የኮሚቴ አባል ስልክ ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ ሲም ቀይሯል።

ይሄ ሁሉ ነው የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላይ የታየኝ። ቨርጂኒያ እነዚህን ሰሌዳዎች ማቆም የጀመረችው በ1927 ነው፤ መኪና የበዛበት ጊዜ ስለነበር ሰው እየነዳ እንዲያነበው ጽሑፉ አጭር እንዲሆን ተደረገ። የቀረው ሁሉ ወጣለት። ሰውየው 16 ሺህ ጊዜ ሰብኳል ይባላል፤ ከ4 ሺህ በላይ ሰባኪ ሾሟል፤ ሲመጣ ጥቂት መቶ የነበሩት ሜቶዲስቶች ሲሞት ከ200 ሺህ በላይ ሆነዋል። ዋሽንግተን 16ኛው ጎዳና ላይ ደግሞ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የተሠራ ሐውልት አለው፣ በ1924 የቆመ፤ አንዳንዶቻችሁ በአውቶቡስ ስታልፉት ጄኔራል መስሏችሁ ይሆናል። ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል፤ የደከመው ፈረስ ነው። ግን እዚያች ገጠር መንገድ ላይ እዚህ ሞተ ብቻ ነው የሚለው። እዚህ የሚለው ቃል ነው ሥራውን የሚሠራው።

እንዴት እንደሞተም አነበብኩ። ለጉባኤ ወደ ባልቲሞር እየሄደ ነበር። ማርች 24 ሪችመንድ ላይ መቆም አቅቶት ተሸክመው አስገቡት፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት ሰበከ። ከሮሜ 9፥28 ነበር። ከዚያም ጉዞ ቀጠለ! ሳምንት ሳይሞላ ሰው ቤት ገባ፣ እዚያው አለቀ። እዚያው ቢቀብሩትም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አውጥተው ባልቲሞር ወሰዱት። ይሄን ለእናቴ ሳነብላት ስልኬን ያየችበት ፊት ተለወጠ። «ግንቦት?» አለች። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው። የሳቸው ካረፉ ከ57 ዓመት በኋላ ነው። ቡልጋ ኢቲሳ ተወልደው፣ ስንቱን አገር በእግራቸው አስተምረው፣ ደብረ ሊባኖስ ያረፉ ሐዋርያ። ለሳቸው ታፔላ አያስፈልግም፤ ታኅሣሥ 24 ቀን ኢቲሳ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ማን እዚህ ተወለደ ብሎ አይጠይቅም። በዓሉ ራሱ ሰሌዳ ነው። እንደኛ የኔታ ያሉት ግን በዓል የላቸውም፣ ገድል የላቸውም፣ መቃብራቸውም ከሌላው ጋር ተደባልቋል።

አንኮበርን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 1839 ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮን እዚያ መጥቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ኦሮምኛ ተምሮ ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የጀመረውም በሸዋ ቆይታው ነው። ንጉሡ ከመጽሐፍ ይልቅ የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ነበር የሚፈልጉት። በ1842 ሲሄድ ወሎ ላይ ዘረፉት። ወደድነውም ጠላነውም እዚያ ኮረብታ ላይ የሆነ ነገር ነው። ባለፈው አንኮበር ስወጣ ይሄን የሚል አንዲት ሰሌዳ አላየሁም። አስጎብኚው ልጅ ግን ሁሉንም በቃሉ ያወራል፣ በአንኮበር ስም የምትጠራውን ወፍ ሳይቀር። እሱ አዲስ አበባ ሥራ ካገኘስ?

ባለፈው ቅዳሜ ላሜራውን ላነሳ ወደ ጫጫ ወረድሁ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ጠራቢ አነጋገርሁ። የኛ አገር ሰው ድንጋይ ያውቃል፣ ስቲከር ለምን እንደለጠፍሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጠራቢው በፊደል ነው የሚያስከፍለው። ኮሚቴውን ዝም ያሰኘ ዋጋ ነው! አባላቱ ስማቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ማዕረጋቸውን ቆጠሩ፣ ከዚያ ማንም ስሜ ይግባ አላለም። የቀረው ይሄ ነው፦

የኔታ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊደል አስቆጠሩ። ከመስቀል እስከ ገና።

ሠላሳ አምስት ፊደል። ነጥቡን በነጻ አለኝ።

ለአክስቴ ልጅ የታፔላውን ጀርባ አንስቶ እንዲልክልኝ ነግሬው ነበር፤ ላከ። ያው ነው ጽሑፉ፣ በሁለቱም ጎን፣ ከየትኛውም በኩል የሚመጣ እንዲያነበው። እኛም ሁለቱንም ጎን እናስጠርብ አልኩ። እናቴ ዋጋው እጥፍ መሆኑን ስትሰማ ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው።

«ወደ ገበያ የሚሄደው ያንብበው፣ ይበቃል» አለች። «ከገበያ የሚመለሰው እንደሆን አረቄውን ጠጥቶ ነው የሚመጣው፣ ምን አይቶ ያነባል?»

ሁለቱንም አዝዣለሁ። ለሷ አልነገርኳትም።